መዝገቡ ለምን አልተዘጋም? የመረጃ ቴክኖሎጂ አቀባበልና አመራር በአፍሪካ ተቋማት

የተሰጠኝ ርእስ ሰፊ ነው፤ «የመረጃ ቴክኖሎጂ አቀባበልና አመራር በአፍሪካ ተቋማት» ይላል። አህጉሩን በአንድ ሰዓት ንግግር የሚያዳርስ ሰው ከመካከላችሁ ካለ ቦታውን በደስታ እለቅለታለሁ። እኔ ግን ነገሩን አጥብቤ በአንድ ዕቃ ዙሪያ ልናገር አስቤአለሁ፤ እርሱም ኮምፒዩተር ከገባ በኋላም ከየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያልተነሣው፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ነው።

አብዛኞቻችሁ ሁኔታውን ታውቁታላችሁ። ሥርዓቱ ተገዝቷል፣ ሥልጠናው ተሰጥቷል፣ የምረቃው ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደዚያው ቢሮ ስትመለሱ ሠራተኛው ጉዳዩን በቅድሚያ በመዝገቡ ላይ ይጽፋል፤ ጊዜ ሲተርፈው ደግሞ ያንኑ ወደ ኮምፒዩተሩ ያስገባል። ይህን ክስተት በጥናቶቻችን ውስጥ «ተጠቃሚዎች ለለውጥ ዝግጁ አለመሆናቸው» በሚል ሐረግ እናልፈዋለን። ዛሬ ልሟገተው የመጣሁት ይህንን ሐረግ ነው። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ ጽፌዋለሁና፤ በመጻፌም የተጎዳ ሰው አለ።

በ1999 ዓ.ም. ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የመንግሥት ተቋም ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤቱን አሠራር ወደ ኮምፒዩተር እንድንለውጥ ከተመደብነው አራት ባለሙያዎች አንዱ ነበርኩ። ግምጃ ቤቱን የያዙት፣ ሁላችንም «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ነበሩ። ያለውን ዕቃ ቆጠርን፣ መለያ ቁጥር ሰጠን፣ ወደ ሥርዓቱ አስገባን፣ አይጧን እንዴት እንደሚይዙና ሪፖርት እንዴት እንደሚያወጡ አሠለጠንናቸው። ሥርዓቱ ይሠራ ነበር፤ በዚህ አላፍርም። ከስድስት ወር በኋላ ለግምገማ ስመለስ ግን ኮምፒዩተሩ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ መዝገቡ ተዘርግቶ፣ ጋሼም በእስክሪብቶ ሲጽፉ አገኘኋቸው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው የደረሰኙን ጥራዝ በእጃቸው መታ መታ አድርገው «ልጄ፣ እኔን የሚያስጠይቀኝም የሚያድነኝም ይኸ ነው» አሉኝ። ፈገግ ብዬ አለፍኩ። በሪፖርቴም ላይ ያችን ሐረግ ጻፍኩ።

ንብረት አስተዳደርን በቅርብ ለማታውቁ ጥቂት ልግለጽ። በአገራችን የመንግሥት መሥሪያ ቤት አሠራር ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት የሚገባው በሞዴል 19 ነው፤ የሚጠየቀው በሞዴል 20፣ የሚወጣው በሞዴል 22። ጥራዞቹ አስቀድሞ የታተመ ተከታታይ ቁጥር አላቸው፤ አንዲት ቅጠል ብትጎድል ጥያቄ ያስነሣል። የሰጠውም የተቀበለውም ይፈርማሉ። ግምጃ ቤት ያዡ ሲዛወር፣ ሥራ ሲለቅ ወይም ጡረታ ሲወጣ ንብረቱን በቆጠራ ያስረክባል፤ የጎደለ ቢገኝ ተጠያቂው እርሱ ነው። እንግዲህ ወረቀቱ የያዘው ቁጥር ብቻ አይደለም። ሰውየው በቤቱ፣ በደመወዙና በጡረታው የቆመለት የዋስትና ሰነድ ነው። እኛ ያቀረብንለት ሥርዓት ደግሞ ቁጥሩን ወስዶ ዋስትናውን ተወ። ከማተሚያው የሚወጣው ወረቀት የታተመ ተከታታይ ቁጥር አልነበረውም፤ የተቀባይ ፊርማ የሚያርፍበት ቦታም አልነበረውም፤ ኦዲተሩም እንደ ማስረጃ አልቆጠረውም። ጋሼን የጠየቅናቸው፣ ስናስበው፣ ኃላፊነታቸውን እንደያዙ ማስረጃቸውን እንዲለቁ ነበር። ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለውን ውል ይቀበላል?

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ተራ የአሠራር ስሕተት ብዬ እረሳው ነበር። የእኔ ሪፖርት ከሌሎች ሰነዶች ጋር ተደምሮ ጋሼ ወደ ሌላ ክፍል እንዲዛወሩ ተወሰነ። ርክክብ ሲደረግ ቆጠራው ከኮምፒዩተሩ ቀሪ ሒሳብ ጋር ተነጻጸረ፤ ጉድለት ታየ። የጉድለቱ ምክንያት ኋላ ላይ ተገኘ፦ መብራት በሚጠፋባቸው ቀናት ዕቃ በሞዴል 22 ብቻ ይወጣ ነበር፤ መብራት ሲመለስ ያንን ወደ ሥርዓቱ የማስገባት ኃላፊነት ግን በማንም የሥራ ዝርዝር ውስጥ አልተጻፈም። ስለዚህ ሥርዓቱ ከወራት በፊት የወጣውን ዕቃ አሁንም በመደርደሪያ ላይ እንዳለ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ጋሼ ክሊራንስ ሳያገኙ ስምንት ወር ተንከራተቱ። ያዳናቸው ያ ያልዘጉት መዝገብ ነው፤ ጥራዞቹ አንድ በአንድ ተገልብጠው እያንዳንዱ ወጪ የተቀባዩ ፊርማ ተገኘለት። ምክራችንን ሰምተው መዝገቡን ዘግተው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆኑ እንደነበር ማሰብ አልወድም።

ከዚህ ተነሥቼ ነው መዝገብ ሁለት ሥራ እንዳለው የምናገረው። ያስታውሳል፤ ይመሰክራልም። የሥርዓት ቀራጮች፣ እኔን ጨምሮ፣ የመጀመሪያውን ሥራ እናያለን። ኮምፒዩተር ከሰው በተሻለ እንደሚያስታውስ፣ ከሰው ፈጥኖ እንደሚደምር እርግጠኞች ነን፤ በዚህም ልክ ነን። የመመስከሩ ሥራ ግን በሶፍትዌሩ ውስጥ የሚኖር አይደለም። ሥርዓቱ በመመሪያው፣ በኦዲተሩ ልማድ፣ በፋይናንስ ኃላፊው ማኅተምና በፍርድ ቤቱ የማስረጃ አቀባበል ውስጥ ይኖራል። ተቋሙ ይህን ምስክርነት ወደ አዲሱ ሥርዓት ካላዛወረው ሠራተኛው መዝገቡን አይዘጋም፤ ባይዘጋም ልክ ነው።

በመስካችን የታወቀው ተመራማሪ ሪቻርድ ሂክስ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጽሑፍ በታዳጊ አገሮች የመረጃ ሥርዓቶች የሚወድቁት በሥርዓቱ ንድፍና በተቋሙ እውነታ መካከል ባለው ርቀት መጠን መሆኑን አስረድቷል። በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ግምት ደግሞ በእነዚህ አገሮች ካሉ የኤሌክትሮኒክ መንግሥት ፕሮጀክቶች 35 በመቶ ያህሉ ሙሉ በሙሉ፣ 50 በመቶ ያህሉ በከፊል እንደወደቁ፣ 15 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደተሳኩ ጽፏል። ግምት መሆኑን ልብ በሉ፤ ተማሪዎች በመመረቂያ ጽሑፋቸው መግቢያ ላይ እንደ ቆጠራ ውጤት ሲያስቀምጡት ዘወትር አርማለሁ። እኔን የሚስበኝ መካከለኛው 50 በመቶ ነው። በእኛ አካባቢ «በከፊል መውደቅ» ማለት አብዛኛውን ጊዜ ሥርዓቱ ቆመ ማለት አይደለም፤ ሥርዓቱም መዝገቡም ጎን ለጎን ይሠራሉ ማለት ነው። ሪፖርቱ ይወጣል፣ ሰንጠረዡ በስብሰባ ላይ ይታያል፣ ከበስተጀርባው ግን አንድ ሠራተኛ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል። ይህ ድርብ ሥራ በየትኛውም የፕሮጀክት በጀት ውስጥ ተመዝግቦ አላየሁም።

ድርብ ሥራው በግልጽ የሚታየው በጤና ዘርፍ ነው። ነርሷ ታካሚውን ካየች በኋላ በመዝገብ ትጽፋለች፤ ከመዝገቡ ወደ መቁጠሪያው ወረቀት፣ ታሊ ወደምንለው፣ ትገለብጣለች፤ በወሩ ከታሊው ወደ ሪፖርት ቅጹ ይጠቃለላል፤ ከቅጹ ነው እንግዲህ ወደ ኮምፒዩተር የሚገባው። ዘመናዊ የምንለው ክፍል የሚጀምረው ከአራተኛው ቅጂ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ጉዞ እጅግ ፈጥኗል፤ ዲኤችአይኤስ2 የተባለው ሥርዓት በአገራችን ከ2010 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል በወረቀት ጥቅል ወደ ላይ ይሄድ የነበረው ሪፖርት በቀጥታ በበላይ አካላት ዘንድ የሚታይ ሆኗል። የነርሷ ሸክም ግን እዚያው ነው። ፍጥነቱን ያገኘው ሪፖርቱን የሚቀበለው እንጂ የሚያዘጋጀው አይደለም።

ይህን የምለው ሥርዓቱን ለማንኳሰስ አይደለም። እንዲያውም ዲኤችአይኤስ በአፍሪካ ምድር ተጸንሶ ወደ ሌላው ዓለም የተዛመተ፣ ልንኮራበት የሚገባ ምሳሌ ነው። ጅማሬው ደቡብ አፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 አፓርታይድ ሲያበቃ አዲሱ መንግሥት በዘር ተከፋፍሎ የቆየ የጤና አስተዳደርን ወረሰ፤ እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ቅጽ፣ የየራሱ አቆጣጠር ነበረው። ከዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይም ከዌስተርን ኬፕና ከኦስሎ፣ የመጡ ተመራማሪዎች ከጤና ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው ሁሉም ሊስማማበት የሚችል አነስተኛ የጋራ የመረጃ ዝርዝር ለማውጣት ተነሡ። ሶፍትዌሩ የዚህ ድርድር አገልጋይ ሆኖ አደገ። ብዙ ቦታ የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ያሉትን ቅጾች ሁሉ እንዳሉ ወደ ስክሪን እንገለብጣቸዋለን፤ ከዚያም ኮምፒዩተሩ ቦታ አይጠበውምና ጥቂት ዐምዶች እንጨምራለን።

ሌላው የዲኤችአይኤስ2 ቁም ነገር የዘመን አቆጣጠር ነው። ሥርዓቱ የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር ያውቃል። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን አስቡት። የጤና ተቋሞቻችን የአንድ ወር ሪፖርት የሚቆጥሩት ከወር መባቻ እስከ ወር መጨረሻ አይደለም፤ ካለፈው ወር 21 ቀን እስከ ሪፖርቱ ወር 20 ቀን ነው። የመጋቢት ሪፖርት የሚባለው ከየካቲት 21 እስከ መጋቢት 20 ያለው ነው። የቀሩት ቀናት ሪፖርቱ እየተጠቃለለ ወደ ላይ እንዲሄድ ይረዳሉ። በዚህ ስሌት ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ስትቆጥሩ ጳጉሜን መካከል ትገባለችና 35 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 36 ቀን ታገኛላችሁ። ይህን የማያውቅ ተንታኝ በዋና ከተማው ወይም በውጭ አገር ሆኖ ሰንጠረዡን ሲመለከት በየዓመቱ መስከረም ላይ ወረርሽኝ የተነሣ ሊመስለው ይችላል። በየተቋሙ እንዲህ ያለ፣ በመመሪያ ጥግ ላይ የተጻፈ ወይም ጭራሽ ያልተጻፈ እውቀት አለ። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ «ኃይሉ»ን በ«ሀይሉ»፣ በ«ሃይሉ»፣ በ«ኀይሉ»ም እንደሚጻፍ ስለምታውቅ ካርዱን ታገኘዋለች፤ ይህን ያልተነገረው የፍለጋ ሳጥን ግን «አልተገኘም» ብሎ ለታካሚው አዲስ ካርድ ያስከፍትበታል፣ የቀድሞ ሕክምናውም ታሪክ ይጠፋል። ደግሞም «የቤተሰብ ስም» የሚል የግዴታ ሳጥን ፊት ስንት ጊዜ ቆመን የአያታችንን ስም ጽፈናል!

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ምስክርነቱ ከመዝገቡ ወደ ሥርዓቱ የተዛወረበት ምሳሌ አለን ወይ? አለን፤ ከዚሁ ከአገራችን። ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በኋላ የተካሄደው የመንግሥት ፋይናንስ ማሻሻያ አካል ሆኖ አይቤክስ የተባለው የበጀትና የወጪ ሥርዓት ተዘርግቷል። ለ12 ዓመታት ያህል ማሻሻያውን ሲያግዝ የነበረውን የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የመራው እስጢፋን ፒተርሰን ልምዱን በሰፊው ጽፏል። እርሱ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ በአፍሪካ ቢሮክራሲዎች ውስጥ የመረጃ ቴክኖሎጂ ማሻሻያዎች ለምን እንደሚወድቁ ባሳተመው ጽሑፍ ርእስ ላይ ቅዱሳንን፣ አጋንንትን፣ ጠንቋዮችንና ሥርዓቶችን አሰልፎ ነበር፤ ተማሪዎቼ ርእሱን ሲሰሙ የሚስቁትን ያህል ጽሑፉን ቢያነቡት እመኛለሁ።

በዚያ ማሻሻያ ውስጥ እኔ ትልቅ ግምት የምሰጠው ለቅደም ተከተሉ ነው። የሒሳብ አያያዙ ከነጠላ ምዝገባ ወደ ደብል ኢንትሪ ሲለወጥ ለውጡ የተጀመረው ከሶፍትዌሩ አልነበረም። የሒሳብ መደቦቹ ተከለሱ፣ መመሪያው ተጻፈ፣ ቅጾቹ ተለወጡ፣ የሒሳብ ሠራተኞች እስከ ወረዳ ድረስ በአዲሱ አሠራር ሠለጠኑ። ኮምፒዩተሩ የመጣው ይህን አሠራር ሊያግዝ ነው። ስለዚህ የወረዳው ሒሳብ ሠራተኛ በስክሪኑ ላይ ያየው ቀድሞ በእጁ የሠራውንና ኃላፊነቱን በመመሪያ የሚያውቀውን ነገር ነበር። ኦዲተሩም የሚመረምረው ያንኑ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ጋሼ ያጡትን ነገር ይህ ሠራተኛ አግኝቶታል። ሁሉም ሰምሯል አልልም፤ ኔትወርክ በሌለበት ወረዳ ሥራው ምን እንደሚመስል የሠራችሁበት ታውቁታላችሁ። ዝግመቱም ትዕግሥት ያስጨርሳል፤ በሁለት ዓመት የሚመረቅ ነገር የሚፈልግ ኃላፊ ወይም ለጋሽ ይህን መንገድ አይወደውም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ «ሞባይል ገንዘብስ? ያለ መመሪያ፣ ያለ ረጅም ሥልጠና በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገር ምድሩን አላዳረሰም ወይ?» የሚል። አዳርሷል። የኬንያው ኤም-ፔሳ እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 2007 ለሕዝብ ከተከፈተ በኋላ ያመጣውን ለውጥ መዘርዘር አያስፈልገኝም። ነገር ግን ከዚያ በፊት፣ ከ2005 ጀምሮ የተደረገው ሙከራ ታሪክ የተነገረውን ያህል አልተጠናም። ሙከራው የታሰበው የአንድ የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ተበዳሪዎች ብድራቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። ተበዳሪዎቹ ወዲያው ወደዱት፤ ለሌላ ጉዳይም፣ ገንዘብ ለመላላክ፣ ተጠቀሙበት። የተቸገረው ተቋሙ ነው። በስልክ የመጣውን ክፍያ በራሱ የሒሳብ ሥርዓት ከየተበዳሪው ሒሳብ ጋር ማስታረቅ አስቸገረው፤ አባላቱ ክፍያ ይዘው የሚገናኙበት፣ እርስ በርስ ዋስ የሚሆኑበት የቡድን ስብሰባም መላላት ጀመረ። አገልግሎቱ በመጨረሻ ለሕዝብ ሲቀርብ ገንዘብ ከሰው ወደ ሰው መላክን ይዞ ቀረበ። ያው ቴክኖሎጂ፣ በዚያው ዓመት፣ በግለሰቦች እጅ ሰመረ፤ በተቋሙ መዝገብ ፊት ግን ተሰናከለ። ግለሰብ የሚጠየቀው ለራሱ ነው፤ ቢሳሳት የራሱን ገንዘብ ያጣል። ሠራተኛ ግን የሚጠየቀው ለሌላው ነው። የቴክኖሎጂ አቀባበል መጠይቆቻችን፣ «ለመጠቀም ቀላል ሆኖ አግኝተውታል?» እያሉ ከአንድ እስከ አምስት የሚያስመርጡት፣ ይህን ልዩነት አይጠይቁም። ጋሼን በዚያ መጠይቅ ብጠይቃቸው ኖሮ አምስት ይሰጡኝ ነበር፤ በእርግጥም ለመጠቀም ቀላል ነበር።

ሕጉስ? ሕጉ ከብዙዎቹ ተቋማት ቀድሞ ሄዷል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማና ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥተዋል። ስለዚህ «ሕጉ አይፈቅድም» የሚለው ምክንያት እንደ ቀድሞው አያስኬድም። ሆኖም በአዋጅና በግምጃ ቤት መካከል ረጅም መንገድ አለ። አዋጁን ወደ ተቋሙ የውስጥ መመሪያ የሚያወርደው፣ «ከዚህ ቀን ጀምሮ የዚህ ዕቃ ማስረጃ ይህ ነው» ብሎ የሚፈርመው የበላይ ኃላፊው ነው። እኔ ባየኋቸው ፕሮጀክቶች ውስጥ ያ ፊርማ አይገኝም። ኃላፊው ሥርዓቱን የሚያየው እንደ ግዢ ነው፤ ግዢውን ያጸድቃል፣ ርክክቡን ይፈርማል፣ ከዚያ ጉዳዩ የአይሲቲ ክፍሉ ይሆናል። የአይሲቲ ክፍሉ ደግሞ ሰርቨሩን መጠበቅ ይችላል እንጂ የግምጃ ቤት ያዡን የተጠያቂነት ደንብ የመለወጥ ሥልጣን የለውም። አመራር የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው፤ ከኮምፒዩተር ዕውቀት ጋር የሚያገናኘውም ነገር ትንሽ ነው።

አሁን አንድ ተቋም ምክር ሲጠይቀኝ የሶፍትዌሩን ዓይነት ከማየቴ በፊት ሦስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ እንዲቀመጡልኝ እለምናለሁ፦ መዝገቡን የሚይዘው፣ መዝገቡን የሚመረምረው የውስጥ ኦዲተር፣ መዝገቡ እንዲዘጋ ማዘዝ የሚችለው ኃላፊ። መብራት በጠፋበት ቀን ማን ምን እንደሚጽፍና ማን በኋላ እንደሚያስገባው እዚያው ይነገራል። መዝገቡ የሚዘጋበት ቀንም ይቆረጣል። አንዳንዴ ውይይቱ የሚያልቀው መዝገቡ እንዳይዘጋ በመወሰን ነው፤ ያን ጊዜ ሁለተኛውን ምዝገባ የሚሠራ ሰው በደመወዝ ይቀጠር እላለሁ፤ የነርሷ ትርፍ ሰዓት በነጻ እንደሚገኝ ሀብት መቆጠር የለበትም። ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት እነዚህን ሦስት ሰዎች ማገናኘት ስላልቻለ ሥራውን ሳንጀምር ተለያይተናል። ጨረታውን ለሌላ ሰጥተውታል።

በድኅረ ምረቃ መርሐ ግብር ላይ ላላችሁት አንድ የጥናት ሐሳብ ልተው። የሥርዓት አቀባበል ጥናት ስታካሂዱ መጠይቁን ከመበተናችሁ በፊት ከሠራተኛው ጎን አንድ ሳምንት ተቀመጡ። በየትኛው ሰዓት ወደ መዝገቡ፣ በየትኛው ሰዓት ወደ ስክሪኑ እንደሚዞር ጻፉ። መዝገቡንም ራሱን አንብቡት፤ በዳርቻው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፉት ትናንሽ ማስታወሻዎች ሥርዓቱ ያልያዛቸውን ነገሮች ይነግሯችኋል። ጋሼ በመዝገባቸው ዳር «መብራት የለም» ብለው ቀኑን ይጽፉ ነበር። ያንን ማስታወሻ ቀድሜ አይቼው ቢሆን ኖሮ የሥርዓታችን ቀሪ ሒሳብ የተዛባባቸውን ቀናት አንድ በአንድ አውቃቸው ነበር። ያየሁት ግን ክሊራንሳቸው ከተሰጠ በኋላ፣ ይቅርታ ልጠይቃቸው በሄድኩበት ቀን፣ እርሳቸው ራሳቸው ገልጠው ሲያሳዩኝ ነው።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ። ጥያቄዎቻችሁን በደስታ እቀበላለሁ።